ቤትና ቤተሰብ፦ ትንሹ ውሻችን ደም ሲሸና

በዚህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ባልና ሚስት፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት ገንዘብ አያያዝ ነው። የዛሬው ጥያቄ ግን እነዚህን ሦስቱንም በአንድ ላይ ይዞ የመጣው በአንድ ትንሽ ውሻ ምክንያት ነው። ጸሐፊዋ በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ክፍለ ግዛት ከባለቤታቸውና ከሁለት ልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ እህታችን ናቸው። ደብዳቤያቸውን አሳጥረን እንደሚከተለው አቅርበነዋል።

«ሰባት ዓመት የሆነው፣ ሺትዙ ከሚባለው ዝርያ የሆነ ወንድ ውሻ አለን። ያመጣነው ለልጆቻችን ብለን ነው። ከሁለት ወር በፊት ምንጣፍ ላይ መሽናት ጀመረ። ባለቤቴ ‹አመል አውጥቷል› ብሎ ጋራዥ ውስጥ እንዲያድር አደረገው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሽንቱ ላይ ደም አየሁ። ሐኪም ቤት ወሰድነውና ‹ሽንቱ ውስጥ ክሪስታል አለ› ተብሎ ውድ የሆነ ልዩ ምግብ ታዘዘለት። አንድ ወር ሙሉ ገዛንለት፤ ለውጥ ግን የለም። ባለቤቴ ‹ይህ የነጋዴ ብልሃት ነው፣ ከእንግዲህ አንድ ዶላር አላወጣም› ብሏል። አማቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ መጥተው አብረውን ናቸው፤ ‹እንስሳ ዓይን ዓይኔን እያየኝ አልበላም› እያሉ ከማዕዱ ያጎርሱታል። እርሳቸውን መናገር ፈራሁ። ትልቋ ልጄ በየማታው ‹ይሞታል ወይ?› ትለኛለች። ምን ላድርግ?»

እህታችን፣ ጥያቄዎን ስናነብ ብዙ ሰው «ለውሻ ይህ ሁሉ?» ሊል እንደሚችል እናውቃለን። ይሁን እንጂ በቤታችሁ እየተጎዳ ያለው ውሻው ብቻ አይደለም። ባለቤትዎ ተታለልኩ ብለዋል፣ እርስዎ ለመናገር ፈርተዋል፣ ልጅዎ በስጋት ታድራለች። የሁሉም መነሻ ደግሞ አንድ ያልተመለሰ ጥያቄ ነው፤ በውሻው ፊኛ ውስጥ ያለው ምን ዓይነት ጠጠር ነው? ይህ ሳይታወቅ ምግቡ «ሠራ» ወይም «አልሠራም» ማለት አይቻልም። ስለዚህ ከዚያ እንጀምር።

አመል ወይስ ሕመም?

ለዓመታት ውጭ መሽናት የለመደ ውሻ በድንገት ቤት ውስጥ መሽናት ከጀመረ፣ ቁጣና ቅጣት ከመምጣቱ በፊት ምርመራ ይቅደም። ፊኛው የተቆጣ ውሻ ሽንቱ ቶሎ ቶሎ ይመጣበታል፤ ጥቂት ጠብታ ብቻ ይሸናል፤ ቆሞ ያምጣል፤ ብልቱን ደጋግሞ ይልሳል፤ ሽንቱ ይደፈርሳል ወይም ደም ይቀላቅላል። ይህ የእልህ ሥራ ሳይሆን መያዝ ስላልቻለ የሚሆን ነው። ባለቤትዎ ይህን ባለማወቃቸው አንወቅሳቸውም፤ ብዙዎቻችን ውሻ በግቢ ጥበቃ ሲያገለግል እንጂ ምንጣፍ ላይ ሲኖር እያየን አላደግንም። አሁን ግን ታውቋልና ውሻው ከጋራዥ ይውጣ፤ ሽንቱን እንዳይዝም ቶሎ ቶሎ ወደ ውጭ ይወሰድ።

ክሪስታል ሁሉ ጠጠር አይደለም

ክሪስታል የሚባለው በሽንት ውስጥ የሟሟ ማዕድን ተያይዞ የሚሠራው፣ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታይ ደቃቅ ቅንጣት ነው። ቅንጣቶቹ ተከማችተው ሲጠነክሩ ጠጠር ይሆናሉ። ነገር ግን ጥቂት ክሪስታል ኖሮባቸው ምንም ሕመም የሌላቸው ጤነኛ ውሾች ብዙ ናቸው። በሌላ በኩል ደግሞ ፊኛው ውስጥ ጠጠር ያለበት ውሻ ሽንቱ ላይ ምንም ክሪስታል ላይታይ ይችላል። ከዚህም በላይ፣ ሽንቱ ሳይመረመር ለረጅም ሰዓት ከቆየ ወይም ፍሪጅ ውስጥ ከገባ፣ በውሻው ሰውነት ውስጥ ያልነበረ ክሪስታል በዕቃው ውስጥ ሊሠራ ይችላል። ስለሆነም ሽንት ከቤት ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ በንጹሕ ደረቅ ዕቃ ተቀብላችሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ አድርሱ።

«ክሪስታል አለ» የሚለው ቃል እንግዲህ የምርመራ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ደም የሚሸና ውሻ የፊኛ ራጅ ወይም አልትራሳውንድ ያስፈልገዋል። በደብዳቤዎ ላይ ይህ መደረጉ አልተጠቀሰም፤ ካልተደረገ በመጀመሪያ የምትጠይቁት ይህን ነው።

ሁለቱ ዋና ዋና ጠጠሮች

በውሾች ላይ ከሚታዩት ጠጠሮች አብዛኞቹ ከሁለት ዓይነት አንዱ ናቸው። ሁለቱ በጠባያቸው እጅግ የተለያዩ ናቸው።

የመጀመሪያው ስትሩቫይት ይባላል። ከማግኒዥየም፣ ከአሞኒየምና ከፎስፌት የሚሠራ ሲሆን፣ በውሾች ላይ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በሽንት ኢንፌክሽን ምክንያት ነው። አንዳንድ ባክቴሪያዎች በሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪያ ሰባብረው ወደ አሞኒያ ይለውጡታል፤ ያን ጊዜ የሽንቱ አሲድነት ይቀንስና ማዕድኖቹ ይያያዛሉ። በአብዛኛው የሚያጠቃው ሴት ውሾችን ነው፤ የሴቷ የሽንት ቧንቧ አጭር ስለሆነ ባክቴሪያ በቀላሉ ይገባል። መልካሙ ነገር ይህ ጠጠር በልዩ ምግብና በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሊሟሟ መቻሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ የእንስሳት የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ ባወጣው የጋራ ምክር፣ ስትሩቫይት ነው ተብሎ የሚገመት የፊኛ ጠጠር ቢላዋ ከመነሣቱ በፊት በምግብና በመድኃኒት እንዲሞከር አሳስቧል።

ሁለተኛው ካልሲየም ኦክሳሌት ይባላል። ይህኛው በምግብም በመድኃኒትም አይሟሟም። አንዴ ከተሠራ በኋላ ካስቸገረ መውጣት አለበት። ይበልጥ የሚታየው በወንዶች ላይ፣ ዕድሜያቸውም ገፋ ባሉት ነው። ትንንሾቹ ዝርያዎች፣ ማለትም ሺትዙ፣ ሚኒየቸር ሽናውዘር፣ ዮርክሻየር ቴሪየር፣ ቢሾን ፍሪዜ፣ ላሳ አፕሶና ቺዋዋ በተለይ ይጠቃሉ።

እንግዲህ የእናንተን ውሻ አስቡት። ወንድ ነው፣ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ሺትዙ ነው። ይህ መልክ ከመጀመሪያው ይልቅ ለሁለተኛው ጠጠር ይቀርባል። እንዲህ ነው ብለን በሩቅ አንፈርድም፤ ሌሎችም ዓይነቶች አሉ። ነገር ግን ጠጠሩ ካልሲየም ኦክሳሌት ከሆነና የተሰጠው ስትሩቫይትን ለማሟሟት የሚዘጋጀው ምግብ ከሆነ፣ አንድ ወር ይቅርና አንድ ዓመት ቢበላ ጠጠሩ አይጠፋም። ባለቤትዎ «አልሠራም» ማለታቸው እውነት ሊሆን ይችላል፤ «ማታለል ነው» የሚለው ግን ከዚያ አይከተልም።

ሐኪሙን ምን እንጠይቅ?

ባልና ሚስት አብራችሁ ሂዱ። አንዱ ሰምቶ ለሌላው ሲያወራ ነገር ይጎድላል፣ ጥርጣሬም ይገባል። የሚከተሉትን በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፦

- የተገኘው ክሪስታል የትኛው ዓይነት ነው? የሽንቱ አሲድነት ስንት ነበር?
- በራጅ ወይም በአልትራሳውንድ ጠጠር ይታያል? ስንት ነው? የት ነው ያለው? በሽንት ቧንቧው ውስጥስ አለ?
- የሽንት ካልቸር ተደርጓል? (ለዚህ ምርመራ የሚሻለው ሐኪሙ በቀጭን መርፌ በቀጥታ ከፊኛው የሚቀዳው ሽንት ነው።)
- በደሙ ውስጥ ያለው ካልሲየም ታይቷል? ካልሲየም ከልክ በላይ ከሆነ ለኦክሳሌት ጠጠር መንሥኤ ሊሆን ይችላልና።
- የታዘዘው ምግብ ጠጠር ለማሟሟት ነው ወይስ እንዳይመለስ ለመከላከል? እስከ መቼ ይበላዋል? መሥራቱንስ በምን እናውቃለን?

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። ጠጠር ለማሟሟት ምግብ የተጀመረለት ውሻ በየወሩ ገደማ ራጅ ተነሥቶ ጠጠሩ መቀነሱ መታየት አለበት። ስትሩቫይት አንዳንዴ በጥቂት ሳምንታት ይሟሟል፤ በኢንፌክሽን የመጣው ግን ሦስት ወር ገደማ ሊወስድ ይችላል። ባክቴሪያው በጠጠሩ ውስጥ ስለሚደበቅ፣ ውሻው የተሻለው ቢመስልም መድኃኒቱንም ምግቡንም በራሳችሁ አታቋርጡ። ምግቡ በትክክል ተሰጥቶ ጠጠሩ ካልቀነሰ ደግሞ ዓይነቱ ሌላ ነው ማለት ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ መንገዱን ይለውጣል።

አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። የማሟሟቻ ምግብ ለሁሉም ውሻ አይሆንም። ስብና ጨው የሚበዛበት በመሆኑ የቆሽት ሕመም ወይም የልብ ሕመም ላለበት፣ ላረገዘች ውሻና ለቡችላ አደጋ ሊያመጣ ይችላል። ከጎረቤት ተቀብላችሁ፣ ወይም «የእገሌን ውሻ አድኖታል» ተብላችሁ አትስጡ።

ጠጠሩ መውጣት ካለበት መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም። ደቃቅ ከሆነ ሐኪሙ ውሻውን አደንዝዞ ፊኛውን በፈሳሽ ሞልቶ በማጠብ ሊያስወጣው ይችላል። በአንዳንድ ትልልቅ ሐኪም ቤቶች በሌዘር ይሰበራል። ካልሆነም በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የቀረ ጠጠር እንደሌለ በራጅ ይረጋገጥ። የወጣውንም ጠጠር አትጣሉት፤ ወደ ላቦራቶሪ ይላክ። እናንተ ባላችሁበት አገር በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ይህንኑ ሥራ የሚሠራ ማዕከል አለ። የጠጠሩ ዓይነት በእርግጠኝነት የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ውኃ፣ ውኃ፣ ውኃ

ጠጠሩ የትኛውም ዓይነት ይሁን፣ የሁሉም ጠላት ቀጭን ሽንት ነው። ደረቁ የውሻ ምግብ በውስጡ ያለው ውኃ ከመቶ አሥር ያህል ነው፤ የቆርቆሮው እርጥብ ምግብ ግን ከመቶ ሰባ አምስት ገደማ ውኃ ነው። ስለዚህ የታዘዘው ምግብ በእርጥብ መልክ ካለ እርሱን ምረጡ፤ ከሌለም ደረቁን በለብ ያለ ውኃ አርሳችሁ ስጡት። አምስት ኪሎ የሚመዝን ውሻ በምግቡም በመጠጡም ተደምሮ በቀን 250 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ገደማ ውኃ ያስፈልገዋል፤ ጠጠር ያለበት ከዚህም በላይ ቢያገኝ መልካም ነው። ሐኪሙ የሽንቱን መወፈርና መቅጠን በቁጥር ይለካል፤ ግቡ ከ1.020 በታች እንዲሆን ነው። ጠጥቶ ሽንቱን እንዲይዝ ከተገደደ ግን ጥቅሙ ይቀንሳልና በቀን አራት አምስት ጊዜ ይውጣ።

የቤት ውስጥ «መድኃኒት» አትጨምሩ። ሎሚና ኮምጣጤ ሽንቱን አሲድ ያደርጋል ተብሎ ቢሰጥ፣ አሲድ የበዛበት ሽንት ለኦክሳሌት ጠጠር የተመቸ ነው። የቫይታሚን ሲ እንክብልም በሰውነት ውስጥ ወደ ኦክሳሌት ይለወጣል። እንዲጠጣ ተብሎ ምግቡ ላይ ጨው አይነስነስ። እንደ አይቡፕሮፌን ያለ የሰው የሕመም ማስታገሻ ለውሻ መርዝ ሊሆን ይችላልና በጭራሽ አይሰጥ።

ማዕዱና እናታችሁ

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል ደረስን። ምግቡ ላለመሥራቱ ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ እርሱም ጉርሻው ነው። ልዩ ምግብ የሚሠራው የማዕድኑና የፕሮቲኑ መጠን ተለክቶ ስለተዘጋጀ ነው። አንድ የሥጋ ቁራጭና አንድ የአይብ ጉርሻ ለሰው ጥቂት ነው፤ አምስት ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ግን የቀኑን ልኬት ያፈርሳል። ከዚህም ሌላ በወጣችን ውስጥ የማይጠፉት ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ይጎዳሉ። እንግዲህ ወጥ የነካው እንጀራ ጠጠር ለሌለበት ውሻም አይበጅም።

እናታችሁ ግን ክፉ አላሰቡም። በእኛ ባህል ጉርሻ ፍቅር ነው፤ ፍቅራቸውን ለቤቱ እንስሳ እንኳ አልነፈጉም። ስለዚህ ምክራችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ይህን ለእናቱ የሚናገረው ልጃቸው እንጂ ምራታቸው አትሁን። እህታችን፣ ዝም ያሉት ፈርተው ብቻ ሳይሆን አክብረው ነው፤ ሸክሙን ግን ለባለቤትዎ ያስረክቡ። እርሳቸውም «እማዬ፣ ሐኪሙ ከልክሏል፤ አንቺ ካላገዝሽን አይድንም» ቢሏቸው እናት ነገሩን ከነቀፋ አይቆጥሩትም። ሁለተኛ፣ ከመከልከል ይልቅ ሥራ ስጧቸው። ጠዋት ከታዘዘው ደረቅ ምግብ ላይ የቀኑ ድርሻ ሲለካ ጥቂቱ በትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ለእናታችሁ ይቀመጥ፤ ሲለምናቸው ከዚያ በእጃቸው ይስጡት። ውሻው የሚፈልገው እጃቸውን ነው፤ ፍቅሩም ልኬቱም ሳይጓደል ይቀራል። ትልቋ ልጃችሁ ደግሞ ውኃውን ጠዋትና ማታ ትለውጥ፣ ስንት ጊዜ እንደሸናም ፍሪጁ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ትጻፍ። የሚሠራ እጅ ያለው ልጅ ስጋቱ ይቀንሳል። ለሐኪሙም ያ ወረቀት ትልቅ መረጃ ነው።

የማያሳድር ምልክት

ይህን ክፍል ውሻ ያላችሁ ሁሉ በልባችሁ ያዙት። በወንድ ውሻ ብልት ውስጥ ትንሽ አጥንት አለች፤ የሽንት ቧንቧው በእርሷ በኩል ሲያልፍ ሊሰፋ ስለማይችል ጠጠር ከኋላዋ ይሰካል። ውሻው እያማጠ ምንም ሽንት ካልወጣው፣ ሆዱ ከተወጠረ፣ ካስታወከ፣ ከደከመና መብላት ካቆመ፣ ጉዳዩ ለነገ የሚባል አይደለም። ሽንት ሲታገድ መርዙ ወደ ደም ይመለሳል፤ ፖታሲየም ከፍ ብሎ ልብን ሊያቆም፣ ፊኛውም ሊፈነዳ ይችላል። ሆዱን አትጫኑ፤ በግድ ውኃ አታጠጡ፤ ሌሊትም ይሁን እሁድ በፍጥነት ወደ ድንገተኛ የእንስሳት ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ስለ ገንዘቡ

ባለቤትዎ ስለ ወጪ መጨነቃቸው ተገቢ ነው። ሐኪሙን የእያንዳንዱን ምርመራ ዋጋ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የትኛው ዛሬ፣ የትኛው ቆይቶ ሊሆን እንደሚችልም ይንገራችሁ። አንድ ራጅ ውድ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ለማይሟሟ ጠጠር በየወሩ ከሚገዛ ምግብ፣ ወይም በሌሊት ከሚደረግ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ጋር ሲነጻጸር ቆጣቢው እርሱ ነው። ደግሞም አንዴ ወጥቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። የኦክሳሌት ጠጠር ከወጣላቸው ውሾች ግማሽ ያህሉ በሦስት ዓመት ውስጥ ተመልሶ ይመጣባቸዋል። ስለዚህ በየሦስት እስከ ስድስት ወሩ የሚደረገውን ክትትል በቤታችሁ በጀት ውስጥ ከአሁኑ ያዙት፤ ጠጠሩ ገና ደቃቅ ሳለ ከተገኘ ያለ ቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችላልና።

አገር ቤት ያላችሁና ትንንሽ ውሾች የምታሳድጉ አንባብያንም ይህ ይመለከታችኋል። በሐኪም የሚታዘዘው ምግብ በአዲስ አበባ ሁልጊዜ ላይገኝ ይችላል። ቢሆንም ሽንት መመርመር፣ ኢንፌክሽን ማከም፣ ምግቡን በውኃ ማራስና ፍርፋሪ መከልከል ይቻላል። በቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም ለዓመታት ሐኪሞችን ሲያሠለጥን የኖረ ተቋም ነው። በቤት የሚበስል ምግብ ለመስጠት ካሰባችሁ ዝርዝሩን ከሐኪም ጋር ሠርታችሁ እንጂ በግምት አይሁን።

እህታችን፣ ለልጅዎ የሚሰጡትን መልስ እንንገርዎት። «አይሞትም» ብለው አይማሉላት፤ «እኔ አላውቅም» ብለውም አይተዉአት። «ጠጠሩ ምን እንደሆነ ልናስመረምር ነው፤ አባትሽም፣ አያትሽም፣ አንቺም እያንዳንዳችን ሥራ አለን» ይበሏት። ከዚያም ዛሬ ማታ እናትየው ከመተኛታቸው በፊት ከባለቤትዎ ጋር ተቀምጠው ጥያቄዎቹን አብራችሁ ጻፉ። ውጤቱን ብትጽፉልን ደስ ይለናል።